የወጌሻው አማና

ወጌሻው ሰይዶ የሞተው በ1963 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ወሬውን ወደ ቡታጅራ ፖሊስ ጣቢያ ያመጣችው ወርቅውሃ የምትባል፣ እንሰት እየፋቀች የምትተዳደር ሴት ነበረች። ሮጣ ስለመጣች ትንፋሽ አጥሯት በሩ ላይ ቆመች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጎተታል። ሻምበል ባሻ ዱባለ ሻዩን ሳይጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሰይዶን ገደሉት» አለች። «ልጠይቀው ገብቼ ነው ያየሁት። አናቱን ነው የመቱት።»

ዱባለ ማን እንደገደለው አልጠየቃትም። ብታውቅ ኖሮ ስሙን ቀድማ ትናገር ነበር። ኮፍያውን አንስቶ ተከተላት። መንገድ ላይ ሰው ከግራው በኩል ሲጠራው አንገቱ አልዞር ስላለው፣ እንደ ልማዱ ሙሉ ሰውነቱን አዞረ። ከዓመታት በፊት ከፈረስ ወድቆ የቀረበት ጣጣ ነው። ሰይዶ አምስት ሳምንት አሽቶ ግማሹን መልሶለት ነበር። የቀረው ግማሽ ከእንግዲህ እንደማይመለስ የገባው እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ ሰው ሞቶ ስለ ራሱ አንገት በማሰቡም አፈረ።

ሰይዶን የማያውቅ በዚያ አገር አልነበረም። ስብራት መጠገንና ውልቃት መመለስ ሌሎች ወጌሾችም ይችላሉ። እሱ የሚለየው አጥንቱ ከዳነ በኋላ ተጣምሞ፣ ተኮራምቶ የቀረውን ሰው በማቃናቱ ነው። አንድ ጊዜ ለአረፋ በሬ ሲታረድ ዱባለን ጠርቶ፣ ቆዳው ሲገፈፍ ሥጋው ላይ የሚቀረውን ስስ ነጭ ሽፋን በጣቱ ሳብ እያደረገ አሳይቶታል። «እኔ ይህን ሸማ ነው የምለው» አለው። «ሥጋህን ከራስ ቅልህ እስከ ተረከዝህ የለበሰው አንድ ሸማ ነው። ጋቢህን አንዱን ጥግ ብትቋጥረው ሌላው ጥግ ይሳብ የለም? ሰው ትከሻዬን አመመኝ ብሎ ይመጣል፤ ቋጠሮውን እኔ ተረከዙ ላይ አገኘዋለሁ።» ሥራው ጣቱን ቂቤ አስነክቶ፣ ሳይቸኩል፣ ከቆዳ ሥር የተጣበቀውን በአውራ ጣት እየገፉ ማላቀቅ ነበር። ጭኑ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ገበሬ ሲመጣበት ደግሞ ዘነዘና ያንከባልልበታል። ሴቶቹን የምታሸው ሚስቱ ሃሊማ ነበረች፤ እሱ የሴት ገላ፣ እሷም የወንድ ገላ አይነኩም።

ሰይዶ የሚያሽባት ጎጆ ከመኖሪያው ለብቻዋ፣ እንሰቱ ጥግ ላይ ነበረች። ዱባለ ሲገባ ሰውዬውን ጀንዲው ላይ በደረቱ ተደፍቶ አገኘው። ከኋላ፣ ልክ አናቱ ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተመትቷል። ጣቶቹ ላይ ቂቤው ገና አልደረቀም። ትግል የለም፣ የተገለበጠ ዕቃ የለም። ሰይዶ ጀርባውን የሰጠው ለማይፈራው ሰው ነው።

ጎጆዋ ውስጥ ብዙ ነገር የለም። ጀንዲው አለ፣ ቂቤ የተሞላ ጣባ አለ፣ ሙቀጫ አለ። ዘነዘናው የለም። ዱባለ ጣባውን አንስቶ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። አዲስ የተነጠረ፣ ጥርት ያለ ቂቤ ነው፤ ላዩ ላይ ግን ጥቁር ብናኝ ተበትኖበታል። በጣቱ አሸው፤ ጥላሸት ነው። ቀና ሊል ሞከረና አንገቱ አልታዘዝ ስላለው ወገቡን ወደ ኋላ ለጥጦ ወደ ላይ አየ። ጣባው ከነበረበት ቦታ በላይ፣ ዘመን ያጠቆረው ቆጥ አለ። ክዳኑ የቀርከሃ ርብራብ ነው።

ዱባለ ረጅም ሰው ነው። እንዲያም ሆኖ በጣቶቹ ጫፍ ቆሞ፣ በግራው ክዳኑን ወደ ላይ ገፍቶ ያዘ፤ ካልያዙት ተመልሶ ይወድቃል። በቀኙ ውስጡን ዳበሰ። ዘነዘናው በደረቅ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ እዚያ ተጋድሟል። ጫፉ ላይ ደም አለበት።

ሬሳው ከዙሁር ሶላት በፊት መቀበር ስለነበረበት ጊዜ አልነበረም። ዱባለ የሚያየውን አይቶ ለቀቀ። ለቅሶው መሃል የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ ደረሰ፤ እሱ ደግሞ ነገር ማስረዘም የማይወድ ሰው ነው። ጎረቤቶቹ ረቡዕ ማታ ሃሊማ ባሏ ላይ ስትጮህ ሰምተዋል። «ዓርብ አፍህን ከከፈትክ ይህ ቤት ይዘጋል» ብላዋለች፤ ሦስት ሰው ይመሰክራል። ዘነዘናው የሷ ነው፣ ቆጡም የሷ ነው። መቶ አለቃው ሃሊማ ጣቢያ እንድትውል አዘዘ። እሑድ ጠዋት የመንግሥት መኪና ወደ አውራጃ ስለሚሄድ በዚያው ትላካለች ተባለ። ወደ አውራጃ የተላከ ሰው ጉዳዩ እስኪታይ አንድም ሁለትም ዓመት እንደሚቀመጥ ዱባለ ያውቃል። በእጁ ያለው ዓርብና ቅዳሜ ብቻ ነው።

ሃሊማን ከቀብር መልስ ጣቢያው ወለል ላይ ተቀምጣ አገኛት። አላለቀሰችም፤ ጣቶቿን ብቻ አንድ በአንድ ትጎትታለች። አርባ አምስት የሚሆናት፣ ቁመቷ ከሰው ደረት የማያልፍ፣ እጆቿ ግን የወንድ እጅ የሚያክሉ ሴት ነች።

«ዓርብ አፍህን ከከፈትክ ያልሽው ስለ ምን ጉዳይ ነው?» አላት።

«እሱን አልነግርህም፣ ሻምበል ባሻ።»

«ሃሊማ እቴ፣ እሑድ ሊወስዱሽ ነው።»

«ይውሰዱኝ። የሰው ገላ አማና ነው፤ አደራ ነው። ከቆዳው ሥር ያገኘነውን ለሌላ ሰው አንናገርም። ብንናገር ማን ልብሱን አውልቆ ፊታችን ይተኛል?»

ዱባለ ብዙ ለመናት። በመጨረሻ ማንንም ሳትጠራ ይህን ያህል ነገረችው። ሰይዶ የአንድ በሽተኛውን ነገር ሽማግሌዎች ፊት ሊናገር ወስኖ ነበር። እሷ አማና አይፈርስም ብላ ጮኸችበት። ማን እንደሆነ ብትጠይቀውም አልነገራትም፤ አሁን ባለመንገሩ አላህን ታመሰግናለች። ጠዋት ላይ ልብስ ሰፊው አበራ ታሽቶ ሲወጣ ቂቤውን አንጥራ፣ ትኩሱን ጣባው ላይ ገልብጣለት ወደ ጓሮ ሄደች። ያኔ ሰይዶ ደህና ነበር፤ ቂቤው ጥሩ ነው ብሏታል። ከዚያ በኋላ የሰማችው የወርቅውሃን ጩኸት ነው።

«ቆጡን እንዴት ነው የምትከፍችው?» አላት።

«በርጩማ ላይ ወጥቼ ክዳኑን በራሴ ገፋ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ በሁለት እጄ ዕቃዬን አገባለሁ። በርጩማው ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ለሠርግ ተውሰውት ጎረቤት ነው ያለው።»

ዱባለ ጎረቤት ሄዶ አየ። በርጩማው አለ፤ ሐሙስ ጠዋት አንዲት አሮጊት እላዩ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ሲልጡ ነበር። የሠርጉ ቤት ሰው ሁሉ ይህን መሰከረ። ለመቶ አለቃው ሲነግረው፣ እሱ ሴት ከፈለገች ዛፍም ትወጣለች ብሎ መለሰለት። ዱባለ ከአለቃው ጋር መከራከር ጥቅም እንደሌለው ካወቀ ቆይቷል፤ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ።

ወርቅውሃን ጓሮዋ ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አገኛት። ቀኝ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ፣ የእንሰቱን ገላ በተረከዟ ጣውላው ላይ አጣብቃ፣ በቀርከሃ ትፍቃለች። ከዚህ ሥራ የተነሣ አንድ ዳሌዋ ከሌላው ከፍ ብሎ ቀርቷል፤ ሃሊማ ነበረች በየሳምንቱ የምታላቅቅላት። ባሏ ባዩ ወህኒ ከገባ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። በድንበር ጠብ የጎረቤቱን የከማሉን ቀኝ ትከሻ በዱላ ሰብሮ ነው የታሰረው። ፍርዱ ስምንት ዓመት ነው። ትከሻው ቢድን ኖሮ ሦስት ይበቃው ነበር፤ ግን ለዘላለም አካለ ጎደሎ አድርጎታል ተብሎ አምስት ተጨመረበት። ያን ጊዜ የከማሉን ክንድ በእጁ ይዞ ለማንሳት ሞክሮ፣ ሰውዬው ሲጮህ ሰምቶ፣ ከደረቱ በላይ አይወጣም ብሎ ፍርድ ቤት የመሰከረው ራሱ ዱባለ ነው። እውነቱን ነው የመሰከረው። እንዲያም ሆኖ ወርቅውሃን ባገኛት ቁጥር ዓይኗን ማየት ይከብደዋል።

«ሰይዶ ጋ ለምን ሄድሽ?» አላት።

«ረቡዕ ገበያ ላይ አግኝቶኝ ነው። ነገ ጠዋት ነይ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት ለባልሽ የሚበጅ ነገር እናገራለሁ አለኝ። ምን እንደሆነ አልገለጠልኝም። ሌሊቱን በሙሉ ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ።» መፋቋን አቆመች። «ሻምበል ባሻ፣ ምን ሊል ነበር?»

ዱባለ አላውቅም አላት፤ ግማሽ እውነት ነው። ወጌሻ የሚያውቀው የሰው ገላ ብቻ ነው። የሰው ትከሻ ሰብሮ የታሰረን ሰው ሊጠቅም የሚችል ገላ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ነው።

ወደ ከማሉ ቤት የሄደው በዚህ ሐሳብ ነው። ከማሉ የአርባ ዓመት ሰው፣ እንደ ዱባለ ረጅም፣ በየሳምንቱ እንሴኖ ገበያ ድረስ በእግሩ ሄዶ ቂቤ የሚነግድ ገበሬ ነው። ቀኝ ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፎ፣ እንደ ታመመ ጠቦት በግራው ደግፎ ነው የሚሄደው። ዱባለን ሲያይ በሩ ላይ ወጥቶ ተቀበለው።

«ክንድህ እንዴት ነው?» አለው ዱባለ።

«እንዳዩት ነው። እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ የመሰከሩት?»

«ሰይዶ ጋ ግን ትመላለሳለህ።»

«ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዘኛል። ሕመሙን ያስታግስልኛል እንጂ መነሳቱንስ አትነሳም።»

ሐሙስ ጠዋት ሄጄ ነበር አለ። ከውጭ ተጣራሁ፣ የሚመልስ ሲጠፋ ተመለስኩ አለ። ድምፁ ለስላሳ ነው። ከጓዳ የታመመች ሕፃን ሳል ይሰማል፤ ከማሉ በሰማ ቁጥር ፊቱ ይጨማደዳል። ሴት ልጁ ነች፣ ከታመመች ሁለት ወር ሆኗታል አለ። ዱባለ ይማርልህ ብሎ ለመሄድ ሲነሣ ደጃፉ ላይ ጎንበስ አለ። ከጎተራው ሥር የተጣለ አሮጌ በረባሶ አለ፤ በሩ ላይ ደግሞ ከማሉ አሁን የሚጫማው ተቀምጧል። ሁለቱንም ገልብጦ አያቸው። አሮጌውን ለአንድ ቀን እንዲያውሰው ጠየቀ። ከማሉ ግር ቢለውም አሮጌ ጫማ ነውና አልከለከለውም።

የቀረው ልብስ ሰፊው አበራ ነበር። አበራ ሃያ ዓመት የስፌት መኪና ላይ ተደፍቶ ጀርባው እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ሱቁ ገበያው ዳር ነው። ሰይዶን ሲያነሣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሲያለቅስም ሲያወራም መኪናውን አላቆመም። «ጀርባዬን አመመኝ ብዬ ብሄድ የውስጥ እግሬን ያዘኝ፣ ይኸ ሰውዬ አበደ እንዴ አልኩ» አለ። «አንድ ወር ሙሉ የውስጥ እግሬን፣ ከዚያ ባቴን፣ ከዚያ የጉልበቴን ጓዳ። በሁለተኛው ወር ደንበኛዬን ሳላስጎነብስ ደረቱን ለካሁ። ድሮ የሰው ጉልበት ነበር የማየው፤ አሁን ፊት አያለሁ። ገና አልጨረሰኝም እኮ።»

ሐሙስ ጠዋት ከወጣ በኋላ ቆቡን ረስቶ ተመልሷል። በሩ ላይ ከተሰቀለበት አንሥቶ ሳይገባ ሄደ። ውስጥ ሰዎች ቀስ ብለው ሲነጋገሩ ሰምቷል፤ የማን ድምፅ እንደሆነ ግን አልለየም። ዱባለ ስለ ከማሉ ሲጠይቀው ምስኪን ነው አለ። ኮቱን የሰፋለት እሱ ነው፤ ክንዱ ስለማይነሣ የቀኙን እጅጌ ማስገቢያ አስፍቶ ቆርጦለታል። ባለፈው ሳምንትም አምጥቶለት ጠግኖለታል።

«ምኑ ተቀድዶ ነው?» አለ ዱባለ።

«ቀኝ ብብቱ ሥር፣ ስፌቱ ተተርትሮ። ድሮም አስፍቼ ቆርጬ ነበር፤ እንዴት እንደተተረተረ እንጃ።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

ዱባለ ከሱቁ ሲወጣ ሁሉም ነገር ገብቶት ነበር። ደስ ግን አላለውም። ያ ክንድ ከተነሣ ባዩ አምስት ዓመቱን ያለ ጥፋቱ ሊታሰር ነው፤ ያንን ክንድ አይነሣም ብሎ የመሰከረው ደግሞ እሱ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሁሉም ሰይዶ ግቢ ተሰበሰቡ። ለቅሶ ላይ የነበሩት ሰዎች ዳር ዳሩን ተቀምጠዋል። የአካባቢው ሽማግሌ ሐጂ ሀያቱ መሃል ላይ ናቸው። መቶ አለቃው ወንበር ቀርቦለት ሰዓቱን ያያል። ሃሊማ በሁለት ፖሊስ መካከል ነች። አበራ፣ ከማሉና ወርቅውሃ ጎጆዋ ፊት ለፊት እንዲቀመጡ ተደረገ። ዱባለ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ጀመረ።

«ሃሊማ ቂቤውን አንጥራ ጣባው ላይ ስትገለብጥ ጥርት ያለ ነበር፤ ሰይዶም አይቶ ጥሩ ነው ብሏታል። እኔ ስደርስ ጥላሸት ወድቆበታል። እንግዲህ ቆጡ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ የከፈተውም ዘነዘናውን የደበቀው ሰው ነው። ቆጡ ከፍ ያለ ነው። ክዳኑ በአንድ እጅ ካልተያዘ ይዘጋል፤ ስለዚህ ሁለት እጅ ከራስ በላይ መዘርጋት አለበት። ጎጆዋ ውስጥ መቆሚያ የለም። በርጩማው ጎረቤት ነበር።»

ሃሊማን አስነሥቶ ወደ ቆጡ እንድትዘረጋ ጠየቃት። ጣቶቿ ከክዳኑ አንድ ክንድ ያህል ቀሩ። ወርቅውሃም ሞከረች፤ ከሃሊማ ብዙ አልበለጠችም። አበራ ተነሥቶ የቻለውን ያህል ተንጠራራ፣ ፊቱ እስኪቀላ ድረስ፤ ሁለት ስንዝር ጎደለው። «ሌላ ሁለት ወር ቢኖርልኝ ኖሮ እደርስ ነበር» አለ፤ ማንም አልሳቀም።

«የሚደርሰው ቁመት ያለው አንድ ሰው ነው» አለ ዱባለ። «እሱም ከማሉ ነው።»

ግቢው አጉረመረመ። መቶ አለቃው ከወንበሩ ቀና አለ። «ሻምበል ባሻ፣ የዚህ ሰው ክንድ እንደማይሠራ አንተው አይደለህ የመሰከርከው?»

«አዎ፣ ጌታዬ። ያን ጊዜ አይሠራም ነበር።» ዱባለ ሁለቱን ጥንድ በረባሶ መሬት ላይ ገልብጦ አስቀመጠ። አንደኛው አሮጌው ነው፤ ሌላው ከማሉ ሲቀመጥ ያወለቀው። «ሰይዶ ያስተማረኝን ልንገራችሁ። ገላ አንድ ሸማ ነው፤ ቀኝ ትከሻ ላይ የተቋጠረ ነገር ጀርባን አቋርጦ ግራ ተረከዝን ይስባል። ይኸው አሮጌው። የግራው ተረከዝ የውጭ ጎኑ አልቆ ክሩ ወጥቷል። ክንዱ በታሰረበት ጊዜ የረገጠው ነው። ይኸኛው ደግሞ አሁን የሚጫማው ነው። እንሴኖ ስንት ጊዜ ተመላልሶበታል፤ ተረከዙ ግን ግራና ቀኙ እኩል ነው ያለቀው። ከማሉ፣ ክንድህን አጥፈህ መያዙን ለምደኸዋል። ተረከዝህን እንዴት እንደምትረግጥ ግን ልብ ብለህ አታውቅም። ኮትህም ብብቱ ሥር ተተርትሯል። ክንዱን የማያነሣ ሰው ብብቱን አይተረትርም።»

ከማሉ መሬት መሬቱን ያያል። ዱባለ የቀረውን ተናገረ። ሰይዶ ዓርብ ሽማግሌዎች ፊት ሊናገር የነበረው ይህ ክንድ መዳኑን ነው። ለባዩ የሚበጀው ሌላ ነገር አልነበረውም። ይህን ቀድሞ የሚያውቀው ደግሞ ባለ ክንዱ ብቻ ነው።

ከዚያ ከማሉ ቀስ ብሎ ቀኝ ክንዱን ከደረቱ ላይ አላቀቀ። በጎን በኩል ወጣች፣ ትከሻውን አለፈች፣ ከራሱም በላይ ተዘረጋች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሞታ ያዩዋት ሰዎች አንጋጠው አዩዋት።

«እሱ ነው ያነሣልኝ» አለ። «ስምንት ወር ፈጀበት። መጀመሪያ የተነሣች ቀን ሁለታችንም አለቀስን።»

«ታዲያ ለምን?» አሉት ሐጂ ሀያቱ።

«ባዩ ሲከሰስ እርስዎ ፊት ምዬ የለ? ከእንግዲህ ይህች ክንድ ሙታለች፣ ከዋሸሁ በልጄ ይድረስ ብዬ የለ? ክንዴ መነሣት ስትጀምር ልጄ ታመመች። መሐላው ያዘኝ። ደብቀን እንቆይ ብዬ ለመንኩት፣ እሺ ብሎኝ ነበር። ኋላ የባዩ ፍርድ በዚህች ክንድ ምክንያት እንደረዘመ ከወርቅውሃ ሰማ። ነገ ሽማግሌዎቹ ፊት እጅህን ታነሣለህ፣ ካላነሣህ እኔ እናገራለሁ አለኝ። በሐሰት የማለ ተብዬ ከአገር ልባረር? ልጄስ? ቂቤ ሊያነሣ ዞር ሲል...» አልጨረሰውም።

«ልጄ» አሉ ሐጂ ሀያቱ። «ስትምል ክንድህ ሙታ ነበር። መሐላ የሚታየው በተማለበት ቀን ነው። ያን ቀን እውነትህን ነው የማልከው፤ አንተንም ልጅህንም የሚይዝ ነገር አልነበረም። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

«ሰይዶም እንዲሁ ብሎኝ ነበር» አለ ከማሉ። «አላመንኩትም።» ከዚያ ያቺን ክንድ በግራው ደግፎ እንደ ድሮው ደረቱ ላይ አጠፋት። «ባያድነኝ ኖሮ ልገድለው አልችልም ነበር።»

ፖሊሶቹ ሃሊማን ለቀው እሱን ያዙ። ሃሊማ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ሲወስዱት አየችው። ልትሰድበው የፈለገች ትመስል ነበር። ሕፃኗን ማን እያየለት እንደሆነ ግን ከማሉን ጠየቀችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ እናቷ አለች አላት።

ዱባለ በዚያው ሳምንት አቤቱታ ጻፈ። ሦስት ዓመት ቀድሞ በሰጠው ምስክርነት ላይ እንደገና መመስከር እንደሚፈልግ፣ የከማሉ ክንድ በሰላሳ ሰው ፊት ከራሱ በላይ እንደተነሣ፣ ስለዚህ ባዩ አካለ ጎደሎ አድርጓል ተብሎ የተጨመረበት አምስት ዓመት እንዲነሣለት በዝርዝር አስረዳ። ሐጂ ሀያቱም ፈረሙበት። ወርቅውሃ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ጣቢያ እየመጣች ደጁ ላይ ትቀመጥ ነበር። መልስ መጣ አልመጣም ብላ አትጠይቅም፤ እሱ ሲወጣ ፊቱን አይታ ትመለሳለች።

መልሱ በጥር ወር መጣ። ዱባለ ወረቀቱን አንብቦ ኪሱ ከተተውና ሁለት ቀን ይዞት ዞረ። በሦስተኛው ቀን ወደ ጓሮዋ ሄደ። ሃሊማም እዚያ ነበረች፤ የወርቅውሃን ዳሌ ልታሽ መጥታ ጣቶቿን በቂቤ ታሻሻለች። ዱባለ ቆሞ አነበበላቸው። ፍርዱ የተሰጠው የተበዳዩ ክንድ በፍርዱ ቀን በነበረበት ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ምስክርነቱም በዚያ ቀን እውነት ነበር፤ በኋላ መሻሉ ፍርዱን አይለውጠውም፤ አቤቱታው ተቀባይነት አላገኘም ይላል።

ወርቅውሃ እንደገና እንዲያነብላት ጠየቀችው። አነበበላት።

«እጁን ሲያነሣ አይተውታል አይደል?» አለችው።

«አይቼዋለሁ።»

«መቶ አለቃውም አይተዋል።»

«አይተዋል።»

«ታዲያ ሰይዶ ለምን ሞተ?»

ዱባለ ወረቀቱን በአራት አጠፈ። ሃሊማ ቂቤ የነካውን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የወርቅውሃን ትከሻ ያዘች።

«ሌላ ጊዜ ሲጽፉላቸው» አለች ወርቅውሃ፣ «እጁ ከራሱ በላይ እንደተነሣ ይጻፉልኝ። ምናልባት በደንብ አልገባቸው ይሆናል።»

እጽፋለሁ አላት። መጀመሪያውኑ ከዚያ ሌላ የጻፈው ነገር እንደሌለ አልነገራትም። ጣቢያው ተመልሶ ያንኑ ቃል በቃል ገልብጦ ላከው። ባዩ ስምንት ዓመቱን ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ በየዓመቱ በጥር ወር እየገለበጠ ይልክ ነበር፤ ከመጀመሪያው በቀር መልስ የመጣለት የለም።